ኒኮላ ቴስላ፦ በ4 ሳንቲም ተሰዶ ቤታችንን ያበራው ሰው

ልብስ ለማስጣት ወደ ጣራ ስትወጪ አይተሽው ይሆናል። በዶሃ ዙሪያ፣ በአል ራያንም ሆነ በአል ዋክራ፣ አንዳንድ ቪላዎች ጣራቸው ላይ ጠቆር ያሉ የፀሐይ ሰሌዳዎች ደርድረዋል። ከሰሌዳዎቹ የሚወርደው ገመድ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለ ሣጥን ይገባል፤ ከሣጥኑ ደግሞ ወደ ቆጣሪው ያመራል። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ኤሌክትሪክና የከተማው ኤሌክትሪክ አንድ ይሆናሉ። ቀን ፀሐይ ስትበረታ ቤቱ የተረፈውን ለመስመሩ ይሰጣል፤ ማታ ደግሞ ከመስመሩ ይወስዳል።

የአንድ ቤት ጣራ ትንሽ ኤሌክትሪክ ከአንድ አገር ትልቅ መስመር ጋር ሳይጋጭ እንዴት ይቀላቀላል? ይህ እንዲቻል መሠረቱን ከጣሉት ሰዎች መካከል ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ኒኮላ ቴስላ ነው። ስሙን መኪና ላይ ተጽፎ አይተሽው ይሆናል፤ ሰውየው ግን መኪና አልሠራም። እንደ አንቺ አገሩን ጥሎ ለሥራ የወጣ ስደተኛ ነበር። የተገባለትን ቃል ተክዷል፣ በቀን ሥራ ጉድጓድ ቆፍሯል፣ የሞት አፋፍ ላይ ለነበረች እናቱ ለመድረስ አገር አቋርጧል። ታሪኩን አረፍ ስትዪ አንብቢው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የቄሱ ልጅ

ቴስላ የተወለደው ጁላይ 10 ቀን 1856 ስሚልያን በምትባል ትንሽ መንደር ነው። መንደሯ ዛሬ ክሮኤሺያ ውስጥ ትገኛለች፤ ያኔ በኦስትሪያ ነገሥታት ሥር ነበረች። ቤተሰቡ ሰርቦችና ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ነበሩ። አባቱ ሚሉቲን የደብሩ ቄስ ነበሩ፤ እናቱ ጁካም የቄስ ልጅ ናቸው። ከ5 ልጆች ኒኮላ 4ኛው ነው።

እናቱ ማንበብና መጻፍ አልተማሩም። ነገር ግን ለቤት ሥራ የሚያገለግሉ ዕቃዎችን በራሳቸው እጅ ይሠሩ ነበር። ክሩን ይፈትላሉ፣ ይሸምናሉ፣ ሥራ የሚያቀልል መሣሪያ ያበጃሉ። ረጃጅም የአገራቸውን ግጥሞችም በቃላቸው ይወጡ ነበር። ቴስላ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ የፈጠራ ችሎታውን ከማን እንዳገኘ ሲናገር አባቱን ወይም አስተማሪዎቹን አላስቀደመም፤ ያላነበቡትን እናቱን ነው ያስቀደመው። ቤት የምታስተዳድር፣ ከማለዳ እስከ ሌሊት የማትቀመጥ ሴት ምን ያህል ብልሃት እንደሚያስፈልጋት አንቺ አታጪውም።

ልጅነቱ ሐዘን አላጣውም። ታላቅ ወንድሙ በፈረስ አደጋ ሲሞት ኒኮላ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። አባቱ ይህ የቀረው ወንድ ልጅ እንደ እሳቸው ቄስ እንዲሆን ቆርጠው ነበር። እሱ ግን ልቡ መሐንዲስ መሆን ላይ ነው። በ1873 ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ቤት ሲመለስ ኮሌራ ያዘው። 9 ወር አልጋ ላይ ዋለ፤ ብዙ ጊዜም ተስፋ ተቆርጦበት ነበር። በዚያ ጭንቅ መካከል አባቱ ልጃቸው ከዳነ ወደ ምሕንድስና ትምህርት ቤት እንደሚልኩት ቃል ገቡለት። ዳነ፤ አባቱም ቃላቸውን ጠበቁ።

የማትጠፋው ብልጭታ

በ1875 ኦስትሪያ ውስጥ ግራትስ ከተማ ገብቶ መማር ጀመረ። አንድ ቀን አስተማሪው አንድ የኤሌክትሪክ ማሽን አስነስተው ለተማሪዎቹ አሳዩ። ማሽኑ በሚዞርበት ቦታ ብልጭ ብልጭ የሚል እሳት ይተፋል። የዚያን ጊዜ ሞተሮች ሁሉ እንዲህ ነበሩ፤ ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርስ ብሩሽ አላቸው፣ ብሩሹ እየተፋተገ ይበላል፣ ይበልጭማል። ቴስላ ያለ ብሩሽ የሚዞር ሞተር መሥራት ይቻላል አለ። አስተማሪው በተማሪዎች ፊት የማይሆን ነገር መሆኑን ሙሉ ትምህርት ሰጥተው አስረዱት። እሱ ግን ነገሩ ከልቡ አልወጣም።

ትምህርቱን በማዕረግ አልጨረሰም። ቁማር ጀመረ፣ ገንዘቡን ጨረሰ፣ ያለ ዲግሪ ወጣ። በ1879 አባቱ አረፉ። ከዚያ በቡዳፔስት ከተማ የስልክ ሥራ አገኘ። በ1882 ከጓደኛው ጋር በከተማው መናፈሻ ሲንሸራሸር ለዓመታት የፈለገው መልስ በድንገት መጣለት። በያዘው ዱላ አሸዋ ላይ ሥዕሉን እየሣለ ለጓደኛው አስረዳው።

ነገሩን በቀላሉ እንዲህ አስቢው። ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ መካከል ላይ አንድ ነገር በገመድ ታስሯል። አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል፤ ቀጥሎ ያለው ይስባል። በየተራው ከተሳበ መካከል ያለው ነገር እየዞረ ይከተላቸዋል። ቴስላ በሰዎቹ ቦታ ማግኔት የሚሆኑ የሽቦ ጥቅሎችን አደረገ፤ ኤሌክትሪኩም በየተራ ወደ እያንዳንዳቸው ሞገድ እየሆነ ይደርሳል። መካከል ያለው ብረት ማንም ሳይነካው፣ ያለ ብሩሽ፣ ያለ ብልጭታ ይዞራል። ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ ፌራሪስም በዚያው ዘመን ለብቻው ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር። ዛሬ የውሃ ፓምፕ፣ የአየር ማራገቢያ፣ የብዙ ፍሪጆችና የልብስ ማጠቢያዎች ሞተር የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። አንቺ ቀኑን ሙሉ ድምፁን እየሰማሽ ትሠሪያለሽ።

4 ሳንቲም

ቴስላ ከቡዳፔስት ወደ ፓሪስ ሄዶ በታዋቂው አሜሪካዊ በቶማስ ኤዲሰን ስም በተቋቋመ ድርጅት ተቀጠረ። በ1884 መርከብ ተሳፍሮ ኒው ዮርክ ገባ። ሲወርድ ኪሱ ውስጥ 4 ሳንቲም ብቻ እንደነበረው እሱ ራሱ ኋላ ጽፏል። ሻንጣውም ገንዘቡም በመንገድ ጠፍተው ነበር። አየር ማረፊያ ወርደሽ አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ በወረቀት ይዘሽ የቆምሽበትን ሰዓት ካስታወስሽ ስሜቱ አይጠፋሽም።

በኤዲሰን ፋብሪካ ገብቶ ከማለዳ እስከ ሌሊት ሠራ። ቴስላ እንደተረከው ከአለቆቹ አንዱ ማሽኖቹን ቢያሻሽል 50,000 ዶላር እንደሚሰጠው ቃል ገብቶለት ነበር። ሥራውን ጨርሶ ሲጠይቅ ነገሩ ቀልድ ነው ተባለ። በወረቀት የሰፈረ ውል አልነበረም። ቴስላ ሥራውን ለቀቀ።

የከፋው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሁለት ባለገንዘቦች አብረውት ድርጅት አቋቋሙ፤ እሱ የመንገድ መብራት ሠራላቸው። የፈጠራ መብቱን በስማቸው አዛወረ፤ በምትኩ የድርጅቱን የአክሲዮን ወረቀት ተቀበለ። መብራቱ ሥራ ሲጀምር እሱን ገፍተው አስወጡት። በእጁ የቀረው ወረቀት ምንም አያወጣም። በ1886 እና በ1887 መካከል በነበረው ክረምት የዓለምን ሞተር የሚለውጠው ሰው በኒው ዮርክ መንገድ ላይ በቀን 2 ዶላር ጉድጓድ ይቆፍር ነበር። ያን ጊዜ የተማረው ትምህርት ሁሉ መሳለቂያ ሆኖ እንደታየው ኋላ ተናግሯል።

ይህን ክፍል ቶሎ አትለፊው። ቴስላ በዕውቀት ከማንም አላነሰም፤ የጎደለው የሚያስጠይቅ ወረቀት ነበር። አንቺ ያለሽበት ዘመን በዚህ ይሻላል። በኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ በ2017 ወጥቷል፤ ከማርች 2021 ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው መሠረታዊ ደመወዝ በወር 1,000 ሪያል ነው፤ የቤት ሠራተኛንም ይጨምራል። የኮንትራትሽን ፎቶ በስልክሽ አስቀምጪ፤ ለምታምኛት እህት ወይም ዘመድም ላኪ። በአፍ የተነገረ ተስፋ ቴስላን አላዳነውም።

ኤዲሰን በአንድ ወገን፣ ዌስቲንግሃውስ በሌላው

ጉድጓድ ቁፋሮው ላይ ሳለ የቡድኑ አለቃ የሰውየውን ችሎታ አይቶ ከአንድ የቴሌግራፍ ኃላፊ ጋር እንዳገናኘው ይነገራል። በ1887 አዲስ ድርጅት ተቋቋመለት። በሜይ 1888 ሞተሩን በኒው ዮርክ መሐንዲሶች ፊት አቀረበ። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የሚባል ባለ ኢንዱስትሪ ወዲያው መጣ፤ 60,000 ዶላር በጥሬ ገንዘብና በአክሲዮን፣ ከዚያም በላይ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሊከፍለው ተዋዋለ።

ያን ጊዜ በአሜሪካ ትልቅ ክርክር ነበር። ኤዲሰን ዲሲ በሚባለው፣ እንደ ወንዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚፈሰው ኤሌክትሪክ ይሠራል። ዌስቲንግሃውስና ቴስላ ደግሞ በኤሲ። ይህ ኤሲ ማዳም ሙቀት ሲሆን አብሪው የምትልሽ ማቀዝቀዣ አይደለም። ኤሌክትሪኩ በሽቦው ውስጥ እንደ ወንፊት ወዲያና ወዲህ የሚመላለስበት ዓይነት ማለት ነው። በኳታርም በኢትዮጵያም በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል።

ልዩነቱ ምን ይጠቅማል? የኤዲሰን ኤሌክትሪክ ከጣቢያው 2 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይርቅ ይደክም ነበር። ስለዚህ በየሰፈሩ አንድ ጣቢያ መትከል ግድ ይላል። ኤሲ ግን ትራንስፎርመር በሚባለው ዕቃ ግፊቱን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ግፊቱ ከፍ ሲል በሽቦው ውስጥ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ይቀንሳል፤ ኤሌክትሪኩም ሩቅ ይሄዳል። ከተማው ሲደርስ ሌላ ትራንስፎርመር ግፊቱን ለቤት በሚሆን መጠን ዝቅ ያደርገዋል። እኛ ሰፈር ምሰሶ ላይ የምናየው፣ ዝናብ ሲመጣ ፈነዳ እያልን የምንሰጋው ትልቅ ሣጥን ይኸው ነው።

በ1893 የቺካጎ ዓለም አቀፍ ትርዒት በዌስቲንግሃውስ ኤሲ መብራት ደመቀ። ቀጥሎ የናያጋራ ፏፏቴ መጣ። በ1895 እያንዳንዳቸው 5,000 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ጄኔሬተሮች በፏፏቴው ኃይል መዞር ጀመሩ። በኖቬምበር 1896 ኤሌክትሪኩ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ቡፋሎ ከተማ ደረሰ። በአንድ ቤት ውስጥ የቆሙ ብዙ ጄኔሬተሮች ኃይላቸውን በአንድ መስመር ላይ አዋጥተው፣ አንድ ከተማ ሙሉ ከሩቅ ተቀበለ።

አዲስ መጪ ወደ ማኅበሩ ሲገባ

አሁን ወደ ጣራው እንመለስ። ማኅሌት የቆምሽ ወይም መንዙማ የሰማሽ ከሆነ ነገሩ ይገባሻል። ከበሮው እየተመታ፣ ሁሉም በአንድ ምት እየዘመረ ሳለ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ዝም ብሎ ድምፁን አይለቅም። ቆም ብሎ ያዳምጣል፤ ዜማው የት ደረሰ፣ ምቱ ምን ያህል ፈጣን ነው፣ ድምፁ ምን ያህል ከፍ ብሏል ይላል። ራሱን ያስተካክልና ይገባል። ከገባ በኋላ ማን ቀድሞ እንደነበረ አይለይም።

ጄኔሬተርም እንዲሁ ነው። ከመስመሩ ጋር ሲቀላቀል ግፊቱ እኩል መሆን አለበት። በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር እኩል መሆን አለበት። መውጣትና መውረዱም ከመስመሩ ጋር በአንድ ቅጽበት መሆን አለበት። በ3 ሽቦ ለሚሠራው ደግሞ የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል መዛነፍ የለበትም። ድሮ ሠራተኞቹ በጄኔሬተሩና በመስመሩ መካከል አምፖል ያስሩ ነበር። ሁለቱ ካልተስማሙ አምፖሉ ይበራል፣ ይጠፋል፤ ሲስማሙ ጨለማ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ማብሪያውን ይዘጉታል። ተሳስቶ የዘጋው ሰው ብረት ሲጣመምና ማሽን ሲቃጠል ያያል። ዛሬ ጣራ ላይ ላለው ሶላር ይህን ሥራ የሚሠራው ኢንቨርተር የሚባለው ሣጥን ነው። ከፀሐይ ሰሌዳ የሚወጣው ዲሲ ነው፤ ኢንቨርተሩ ወደ ኤሲ ይለውጠዋል፣ የመስመሩን ምት ያዳምጣል፣ ከዚያ ይገባል።

የቴስላ ሞተር ሌላም ጸጋ አለው። ኤሌክትሪክ ሰጥተሽ ስታዞሪው ሞተር ነው። መስመር ላይ እንደታሰረ ውሃ ወይም ነፋስ ከምቱ በላይ ካፈጠነው ግን ራሱ ኤሌክትሪክ እየሰጠ ጄኔሬተር ይሆናል። ምቱን ከመስመሩ ስለሚቀበል ለመግባት ብዙ አያስቸግርም። ለዚህ ነው ብዙ ትናንሽ የወንዝና የነፋስ ማመንጫዎች የተጠቀሙበት።

በኳታር የኤሌክትሪክና የውሃ ኮርፖሬሽኑ ካህራማ ነው፤ እኛ መብራት ኃይል እንደምንለው። ካህራማ ደንበኞች ሶላር ተክለው በፈቃድ ከመስመሩ ጋር የሚያገናኙበትን ቢሶላር የተባለ አገልግሎት ጀምሯል። ቆጣሪው የወሰዱትንም የሰጡትንም ይመዘግባል፤ ሒሳቡ ይቀናነሳል። ከዶሃ በስተ ምዕራብ በአል ኸርሳዓ በረሃ በ2022 የተመረቀው የፀሐይ ጣቢያ 800 ሜጋ ዋት ነው። በየጣራው ያለው ከሱ ጋር ሲነጻጸር ጠብታ ነው፤ ሁለቱም ግን የሚገቡት በአንድ ምት ነው።

አገር ቤትም ይኸው ሕግ ይሠራል። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው አባ ሳሙኤል ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ ነበር። በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሶ በ2016 እንደገና ማመንጨት ጀመረ። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነው። በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ትንሹ አሮጌና ትልቁ አዲስ በአንድ ብሔራዊ የኃይል ቋት ውስጥ በሰከንድ 50 ጊዜ አብረው ይመታሉ።

ምት ካልተስማማስ? መልሱ እዚሁ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ አለ። ከ2009 ጀምሮ የባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንድ ትልቅ መስመር መያያዝ ጀምረዋል። ኳታር፣ ኩዌትና ባህሬን በ50 ምት ይሠራሉ፤ ሳውዲ ግን በ60። በቀጥታ ቢያያዙ ይጠፋፋሉ። ስለዚህ በሳውዲ አል ፋድሊ የሚባል ጣቢያ ኤሌክትሪኩን መጀመሪያ ወደ ዲሲ ለውጦ፣ እንደገና በሌላኛው ምት ኤሲ አድርጎ ያሳልፈዋል። ተፎካካሪ የነበሩት የኤዲሰን ዲሲና የቴስላ ኤሲ እዚህ ላይ ይታረቃሉ።

የተቃጠለው ጄኔሬተርና የአገር ቤቱ አደጋ

በ1892 ቴስላ በፓሪስ ንግግር ሲያደርግ ሳለ እናቱ በጠና መታመማቸውን ሰማ። ሁሉን ትቶ ወደ አገሩ በረረ ማለት ይቻላል፤ ባቡር ከባቡር እየቀየረ ደረሰ። በሕይወት አገኛቸው፤ ብዙም ሳይቆይ አረፉ። ከሐዘኑ የተነሳ እሱም ለሳምንታት ታሞ ተኛ። ስንቶቻችን በስልክ መርዶ ተቀብለን ኩሽና ውስጥ ቆመን አልቅሰናል። እሱ ቢያንስ ደረሰ።

በ1895 ላቦራቶሪው ከነሥራው በእሳት ወደመ። በ1899 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወደሚባል ተራራማ ከተማ ሄዶ አዲስ ሙከራ ጀመረ። ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከከተማው ድርጅት መስመር ነበር። ሰው ሠራሽ መብረቅ ይለቅ ነበር፤ ነጎድጓዱ ከሩቅ ይሰማል። አንድ ሌሊት ሙከራው በርትቶ የከተማውን ጄኔሬተር እንዳቃጠለ፣ ከተማውም ጨልሞ እንዳደረ፣ ቴስላም ራሱ አስጠግኖ እንደመለሰ ይተረካል። ከሕዝብ መስመር ጋር የተያያዘ ሰው በግቢው ውስጥ የሚያደርገው ነገር ከግቢው ውጭም ይደርሳል ማለት ነው።

ይህ ለአንቺ ተረት ብቻ አይደለም። ከላክሽው ገንዘብ ቤተሰብሽ ትንሽ ጄኔሬተር ገዝተው ይሆናል። መብራት ሲጠፋ አንዳንድ ሰው ከጄኔሬተሩ የመጣውን ገመድ በቤቱ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ቤቱ ሁሉ ይበራል። ሞት ያለው እዚያ ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው በኩል ወደ መንገድ ይወጣል። ምሰሶው ላይ ያለው ትራንስፎርመር በተቃራኒው ሠርቶ 220 ቮልቱን ወደ 15,000 ቮልት ከፍ ሊያደርገው ይችላል። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው የመብራት ኃይል ሠራተኛ በዚያ ይሞታል። እሱም የአንዲት እናት ልጅ ነው። መብራቱ ድንገት ሲመለስ ደግሞ ሁለቱ ምቶች ይጋጫሉ፤ ጄኔሬተሩ ይቃጠላል፣ ቤትም ሊያያዝ ይችላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቼንጅ ኦቨር የሚባል መቀያየሪያ በባለሙያ ይተከላል። ወይ መስመሩን ወይ ጄኔሬተሩን ነው የሚያገናኘው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አያደርግም። ዛሬ ማታ ስትደውዪ ይህን ጠይቂያቸው። ጄኔሬተሩንም ቤት ውስጥ ወይም በተዘጋ በረንዳ እንዳያስነሱ ንገሪያቸው፤ ጭሱ እንደ ከሰል ጭስ ሳይታወቅ ይገድላል።

በፈቃድ የተያያዘ የጣራ ሶላር ከዚህ የሚለየው ኢንቨርተሩ ዘወትር መስመሩን ስለሚያዳምጥ ነው። የከተማው መብራት ከጠፋ እሱም ወዲያው መስጠቱን ያቆማል፤ ምሰሶ ላይ ያለው ሰው ይድናል። አንቺ ግን የምትሠሪበት ቤት ጣራ ላይ ሶላር ካለ ተጠንቀቂ። ሰሌዳው ፀሐይ እስካየ ድረስ ገመዱ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ፤ ከታች ማጥፊያው ቢጠፋም። ልብስ አታስጪበት፣ አትርገጪው፣ የተላጠ ገመድ ካየሽ አትንኪ። እጠቢው ብትባዪም ለዚህ ሥራ ባለሙያ እንደሚያስፈልግ በትሕትና ተናገሪ።

የገና ሌሊት

የቴስላ የመጨረሻ ዓመታት አያስቀኑም። ዌስቲንግሃውስ ችግር ላይ ሲወድቅ ቴስላ በፈረስ ጉልበት ይከፈለው የነበረውን መብት እንደተወለት ይነገራል። በ1897 መብቱ በ216,000 ዶላር ተጠቃሎ ተሸጠ። ውሉ ቢቀጥል ኖሮ ከባለጸጎች አንዱ በሆነ ነበር። በ1901 ከባንከኛው ጄ ፒ ሞርጋን 150,000 ዶላር ተቀብሎ ያለ ሽቦ መልእክትና ኃይል የሚያስተላልፍ ትልቅ ማማ መሥራት ጀመረ። ገንዘቡ አለቀ፣ ሌላ አልተጨመረለትም፤ ማማው በ1917 ፈረሰ። በዚያው ዓመት መሐንዲሶች የክብር ሜዳሊያ ሸለሙት። የሜዳሊያው ስም ኤዲሰን ሜዳሊያ ነበር።

አላገባም፣ አልወለደም። ከሆቴል ወደ ሆቴል እየተዘዋወረ፣ ዕዳ እየተጠራቀመበት፣ በመናፈሻ ርግቦችን እየመገበ ኖረ። ከ1934 ጀምሮ የዌስቲንግሃውስ ድርጅት የሆቴል ኪራዩንና በወር 125 ዶላር ይከፍልለት ነበር። የመጨረሻ ቤቱ በኒው ዮርከር ሆቴል 33ኛ ፎቅ ላይ ያለው 3327 ቁጥር ክፍል ነው።

ጃንዋሪ 7 ቀን 1943 አረፈ። 86 ዓመቱ ነበር። ቀኑ በአባቱ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር የገና በዓል ነው። በእኛም ታኅሣሥ 29፣ 1935 ዓ.ም፣ ገና ነበር። በሩ ላይ አትረብሹኝ የሚል ምልክት ተንጠልጥሏል፤ ማንም አልገባም። በማግሥቱ ምልክቱን አልፋ የገባችው የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ዓለምን ያበራውን ሰው ሞቶ ያገኘችው አልጋ ልታነጥፍ የመጣች አንዲት የቤት ሠራተኛ ናት። ሳይንቲስቶቹም ባለሀብቶቹም አልነበሩም። ለቀብሩ ጸሎት በኒው ዮርክ ካቴድራል 2,000 ያህል ሰው ተሰበሰበ። አመዱ ዛሬ በቤልግሬድ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም ይገኛል።

ነገ ጠዋት ተነስተሽ ማብሪያውን ስትጫኚ፣ ልብስ ማጠቢያው መዞር ሲጀምር፣ ማንበብ የማያውቁት እናቱን አስቢያቸው። 4 ሳንቲም ይዞ የወረደውን ወጣትም አስቢው። ማታ ደግሞ ወደ ቤት ደውዪ፤ ከሰላምታው ቀጥሎ ጄኔሬተሩ እንዴት እንደተያያዘ ጠይቂ።